ዋስ የሌለው ባለጉዳይ

ክቡራን ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ የሙያ ባልደረቦቼ ጠበቆች፣ በፍርድ ቤቱ በር ማመልከቻ እየጻፋችሁ የምትተዳደሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የደባርቅና የዳባት ነዋሪዎች፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ ጠበቃ ነው። በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ ቢሮ ስላለው ጠበቃ ግን አይደለም፤ በትንሽ ከተማ፣ ጧት ከባለጉዳዩ ጋር ቡና ጠጥቶ ከሰዓት ከተቃራኒው ወገን ጋር ለቅሶ ስለሚደርሰው ጠበቃ ነው። ከእርሱም ሥራ አንዱን ብቻ ላነሣ እፈልጋለሁ፤ ከሌላ ሀገር መጥቶ ጎረቤቱ የሆነውን እንግዳ ማገልገሉን። ርእሱን እዚህ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ አለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይኖርበታል። ስደተኛው ነገር ሲገጥመው ማን ጋ ይሄዳል? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ከሩቁ ልነሣ። ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ ለፈረንሳይ ዜጎች የተለየ የዳኝነት መብት ሰጠ፤ ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ሲሆን በኢትዮጵያ ሕግ፣ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ሲሆን በፈረንሳይ ሕግ፣ ቆንስላውም ከዳኛው ጎን ተቀምጦ ነገሩ ይታይ ተባለ። ሌሎች መንግሥታትም ለእኛስ ብለው ያንኑ ወሰዱ። የራሱ ቆንስላ ያልነበረው ነጋዴ ሳይቀር የአንዱን መንግሥት ጥገኝነት እየያዘ በዚያው ጥላ ሥር ገባ። አዲስ አበባ ላይ ልዩ ፍርድ ቤት የተባለው የቆመው ይህን ለማስተናገድ ነበር፤ ከመሩትም አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እንግዲህ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ምድር የውጭ ሀገር ሰው ሕግ አልጎደለውም። እንዲያውም ተርፎት ነበር፤ የተቸገረው ባላገሩ ነው።

ያ ውል በተፈረመ በሳምንቱ፣ ጥር 8 ቀን 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ግዛት ዱሉት በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ሌላ ነገር ተቆረጠ። ጆን ስቫን የሚባል ፊንላንዳዊ ዜግነት ጠየቀ። የመንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ ግን ተቃወመ። የዜግነት ሕጉ በዚያን ጊዜ ለነጭና ለአፍሪካ ተወላጅ ብቻ የሚፈቅድ ስለነበር፣ ፊንላንዳውያን በዘራቸው ሞንጎል ናቸው፤ ነጭ አይደሉም አለ። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለሚያውቅ አያስገርምም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የሚኒሶታ የብረት ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ ከፊት ከተሰለፉት ብዙዎቹ ፊንላንዳውያን ነበሩ። ዳኛው ዊልያም ካንት ክርክሩን ሰምተው ፊንላንዳውያን ከነጮች ተራ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ ስቫንም ዜግነቱን አገኘ። የወሰኑበትን ምክንያት ዛሬ ብናነበው የሚያስደስት አይደለም። ሰውን በቆዳው ቀለም መለካቱን አልነቀፉም፤ ልኬቱን ብቻ ነው ያረሙት። ቢሆንም ስደተኛው የመንግሥትን ክርክር ረትቶ ወጣ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኦስካር ላርሰን የተባለ ጠበቃ ወደዚያችው ዱሉት ተዛውሮ ነበር። ላርሰን ኡሉ በምትባል የፊንላንድ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ነው ከወላጆቹ ጋር የተሰደደው። ያደገው ካሉሜት በምትባል የሚሺጋን የመዳብ ማዕድን ከተማ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1894 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ በኪዊኖ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ ኋላም ዱሉት ላይ በጥብቅና ሠራ። ከ1921 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ተቀመጠ፤ ፊንላንድ ተወልዶ ለዚያ ወንበር የበቃ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ታሪኩን የማነሣው የስደተኛ ልጅ ትልቅ ደረጃ ደረሰ ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ወሬ ለምረቃ ቀን ይበቃል። እኔን የያዘኝ ከምክር ቤቱ በፊት ያለው ነው። በማዕድን ከተማ ውስጥ ባለጉዳዩን በራሱ ቋንቋ የሚያነጋግር የሕግ ሰው መኖሩ፣ በፊንላንድ ስምና በእንግሊዝኛ ስም መካከል፣ በመንደር ቃልና በፍርድ ቤት ቃል መካከል የሚቆም ሰው መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ወደ ሀገራችን፣ ወደ ደጋችን ልመለስ።

አለምዋጭ ያሉት ሰዎች ብዙዎቹ ከሊማሊሞ ማዶ፣ ከማይ ጸብሪ አካባቢ፣ ከማይ ዐይኒና ከዓዲ ሓሩሽ መጠለያዎች የመጡ ናቸው። ሽመልባና ሕጻጽ የተባሉት ሌሎቹ ሁለት መጠለያዎች በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ወድመዋል። ከአንድ ስደት ወደ ሌላ ስደት፣ ከቆላ ወደ ደጋ የወጡ ሰዎች ናቸው። የዳባትን ብርድ የሚያውቅ፣ በሐምሌ ድንኳን ውስጥ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ተቀባዩም ሕዝብ ቢሆን ከቁስሉ አላገገመም። በዚያው በዳባት ወረዳ፣ በጭና ተክለ ሃይማኖት፣ በነሐሴ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የተፈጸመውን ግድያ እዚህ ያላችሁት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናም። ይህን የማነሣው፣ ለራሳችን ሰው ማን ጠበቃ ቆመለትና ነው ለእንግዳው የምንቆመው የሚል ጥያቄ በዚህ አዳራሽ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አንዱ የሌላውን አይነሣም የሚል ነው። ስደተኛውን ያለ ውል በቀን ሥራ አሠርቶ ደመወዙን የሚከለክል አሠሪ የዳባቱን ወጣት የቀን ዋጋም ያወርዳል። ቤቷን ለስደተኛ ያከራየች የዳባት እናት የጽሑፍ ውል ከሌላት ኪራይዋ ሲቀር ምን ይዛ ትከሳለች? ለሁለቱም የሚያስፈልገው ያው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣውን የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች። የስምምነቱ 16ኛ አንቀጽ ስደተኛው በሚኖርበት ሀገር ፍርድ ቤት እንደ ዜጋው ይስተናገድ፣ የሕግ ድጋፍም እንደ ዜጋው ያግኝ ይላል። ሀገራችን ስምምነቱን ስትቀበል በጥቂት አንቀጾች ላይ ተዓቅቦ አስመዝግባ ነበር፤ በዚህኛው ላይ ግን አላስመዘገበችም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409 ቀርቶ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110 በቦታው ተተካ። የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ ልደትና ጋብቻን የማስመዝገብ መብት በዚያ ተጽፏል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ለስደተኞች የተከፈተው ከዚያም ቀድሞ በ2010 ዓ.ም. ነው። በአፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል የሚሰጥ ሕግ ብዙ የለም፤ ይህንን ደፍሬ እናገራለሁ።

ነገር ግን ከአዋጁ እስከ ዳባት ያለው መንገድ ረጅም ነው። የክሎቡኮቭስኪ ዘመን ፈረንሳዊ ቆንስላው አጠገቡ ነበር። ስደተኛው ግን ቆንስላ የለውም፤ ኤምባሲ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ሊሄድበት አይችልም። በራሱ ፈቃድ ወደ ሀገሩ መንግሥት ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኝነቱ ሊቀርበት እንደሚችል ያው ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጽ ይናገራል። ስለዚህ የልደት ወረቀቱን ከአስመራ ማስመጣት ለእኛ ቀላል ይመስላል፤ ለእርሱ አደጋ ነው። ወረቀቱን የመስጠት ግዴታ ያለበት የሚኖርበት ሀገር መሆኑን 25ኛው አንቀጽ ደንግጓል። ይህን አንቀጽ ጠቅሶ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ግን ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የምለው የሙያችን ዝርዝር ነው፤ ጠበቃ ያልሆናችሁ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው የት ይከሰስ የሚለው ነው። የዳባት ነዋሪና ስደተኛው በኪራይ ተጣሉ እንበል። ገንዘቡ ጥቂት ሺህ ብር ነው። ሁለቱም ዳባት ናቸው፤ ወረዳ ፍርድ ቤቱም እዚያው ነው። ሆኖም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ የውጭ ሀገር ዜጋ ተከራካሪ የሆነበት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ተባለ። በአማራ ክልል የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በውክልና የሚሠራው ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ነው። ስለዚህ የዳባቱ የኪራይ ነገር በሥልጣን መቃወሚያ ተነሥቶ ደባርቅ ሊመጣ ይችላል። ስደተኛው የመጓጓዣ ብር የለውም፤ ከመጠለያው ለመውጣትም ፈቃድ ሲጠይቅ ቀናት ያልፋሉ። አከራይዋም እንደዚያው ትንገላታለች። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ጠበቃ መጀመሪያ የሚሞክረው ሽምግልና ነው፤ ያ ካልሆነ ክሱን ከመነሻው በትክክለኛው መዝገብ ቤት ይከፍታል። የማያውቅ ግን ሁለቱንም ወገን ለወራት ያመላልሳል።

ሁለተኛው ዋስ ነው። በእኛ ሀገር ከጥንት ጀምሮ ሰው ዋስ እየጠራ ነው የሚሟገተው፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የአንድ አጥቢያ ሰው ነው። በላ ልበልሃም ያለ ዋስ አይጀመርም ነበር። ዛሬም በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በዋስ ሲለቀቅ ፍርድ ቤቱ ከሚያመዛዝናቸው ነገሮች አንዱ ሲጠራ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ፖሊስ ስደተኛ ነው፣ ቋሚ አድራሻ የለውም፣ ዋስ የሚሆነውም የለም ብሎ ከተከራከረና የሚመልስለት ካጣ፣ በሦስት ቀን የሚፈታ ነገር ሦስት ወር ይፈጃል። መልሱ ግን አለ። አድራሻው ከብዙዎቻችን ይልቅ የተመዘገበ ነው፤ የራሽን ወረፋው፣ የድንኳኑ ቁጥር፣ የቤተሰቡ ስም ሁሉ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት እዚያው ቢሮ አለው። ከመጠለያው ቢጠፋ የሚያጣው ራሽኑን ብቻ አይደለም፤ ጥበቃውንም ያጣል። ይህንን ለዳኛ በአምስት ደቂቃ የሚያስረዳ ጠበቃ ሰው ያስፈታል። እኔ በሙያዬ ካየኋቸው ክርክሮች ይህን ያህል አጭር ሆኖ ይህን ያህል የሚጠቅም አላውቅም።

ሦስተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እስኪ በቁጥር እንየው። የኤርትራ የመንግሥት ወረቀት የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ ፍርድ ቤት በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። የስደተኛው መታወቂያ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2017 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ለመርማሪው ሁለት ሺህ ሦስት ብላ ከተናገረች፣ እርሱም የኤርትራ ሰው ናት ብሎ ቁጥሩን በፈረንጆች ካሰበው፣ ልጁ 22 ዓመት ይሆናል። በወንጀል ሕጋችን ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ያለው ወጣት አጥፊ ተብሎ በተለየ ሥርዓት ይታያል፤ ሀያ ሁለት የሞላው ግን ከጎልማሶች ጋር ይታሰራል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2005 የተወለደው ወጣት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1997 መሆኑ ቀርቶ 2005 ዓ.ም. ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው በወረቀት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ሊያገባ አይችልም፤ ሒሳብ ሊከፍት አይችልም፤ ካናዳ ያለ ወንድሙ ሊወስደው ቢሞክር ሁለት የማይገጥሙ ወረቀቶች ይዞ ይቀራል። ጠበቃ በፋይሉ ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ አለበት፤ ማመልከቻ ጻፊዎቻችንም እንዲሁ። ከ«ዓ.ም.» እና ከ«እ.ኤ.አ.» አንዱን ሳይጽፉ ቁጥር ብቻ ማስፈር እዚህ አካባቢ ጥፋት ነው።

አስተርጓሚም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ክሱ የሚሰማበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል። ችግሩ ትግርኛ ተናጋሪው ላይ ነው፤ አማርኛ ይሰማል ተብሎ ይታለፋል። ገበያ ላይ መግዛትና መሸጥ የሚችል ሰው የክስ ማመልከቻ ይገባዋል ማለት አይደለም። ኩናማውና ሳሆው ደግሞ ትግርኛውም ሁለተኛ ቋንቋው ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ አልልም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በድሃ ደንብ ክስ መመሥረትን ይፈቅዳል፤ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ያለ ክፍያ ይከሳል። ስደተኛ ይህን መጠየቅ አይችልም የሚል ቃል የለበትም። ወደ ጠበቃው ስንመጣ፣ ለፌዴራል ጠበቆች የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ ሃምሳ ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዟል። እኛ ብዙዎቻችን የክልል ፈቃድ ነው ያለን፤ ስለዚህ ደንቡ አይመለከተንም የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ሃምሳ ሰዓት በዓመት ማለት ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ የሚበልጠውን መዝገብ ቤት ደጃፍ ቆመን እናባክነዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ረጅም አገልግሎት። ጠበቃ እንግዳ ማኅበረሰብን አንድ ዓመት ቢያገለግል ጥሩ ሥራ ሠራ ይባላል። ሃያ ዓመት ካገለገለ ግን መዝገባቸው ይሆናል። ማን ከማን ጋር እንደተጋባ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ስም እንደተመዘገበ፣ የትኛው ውል በማን ፊት እንደተፈረመ ፋይሉ ውስጥ አለ። መጠለያ ይዛወራል፤ ድርጅት በጀቱ ሲያልቅ ይወጣል፤ ሠራተኛው በስድስት ወር ይቀየራል። እዚሁ የተወለደና እዚሁ የሚቀበር ጠበቃ ግን አይዛወርም። የዕርዳታ ድርጅቶች የሕግ ባለሙያ አምጥተው መሄዳቸውን አልነቅፍም፤ ሥራቸው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከዳባት እናትና ከኤርትራዊ አባት የተወለደች ልጅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 እና በዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከልደቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ይህ ጥያቄ የሚነሣው ዛሬ አይደለም፤ መታወቂያ ስትጠይቅ፣ የእናቷን መሬት ስትወርስ፣ ከዐሥራ ስምንትና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የዛሬውን የጋብቻ ውል የሚያወጣላት ማን ነው? እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣት ጠበቆች አንዱ ወይም አንዷ መሆን አለበት።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹም ልምድ ይፈልጋሉ። በአለምዋጭ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ ወጣቶች አሉ። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ የከተማው ጠበቃ ነው። አባቶቻችን መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሲጮኽ የማያውቁት እንኳ ቢሆን ይቆሙለት ነበር፤ የማን ዘመድ ነህ ብለው አይጠይቁም።

ስለዚህ ልመናዬን በግልጽ ላቅርብ። የዳባትና የደባርቅ ጠበቆች ተራ ግቡ፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ አለምዋጭ ላይ ይኑር። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ሳምንት ዳባት ከተማ ላይ ይሁን። ዳኞችን የምጠይቀው ዋስትና ስትወስኑ ከመጠለያው ቢሮ የሚመጣውን የአድራሻ ማረጋገጫ እንድትቀበሉ ነው። ማመልከቻ ጻፊዎችን የምጠይቀው ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ የዘመን አቆጣጠሩን እንድትጽፉ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እወስዳለሁ፤ ሁለተኛውን የሚወስድ ሰው ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ።